መታወቂያ የሌለው ሰው የት ይታከም?

(በቅርቡ ለጤና ተማሪዎችና ለሰፈር ነዋሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ጻፍኩት፤ የተደጋገመውን ቀንሼ አንዳንድ የዘለልኩትን ጨምሬበታለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ማሻሻያ» የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር ርዕሱ ስብሰባ ስብሰባ ይሸታል፤ የታሸገ ውሃና ማስታወሻ ደብተር ተሰጥቶን ከሻይ በኋላ በቡድን የምንወያይ ይመስላል። ስለዚህ ላጥብበው። ዛሬ የማወራው መድን ስለሌለው ሰው ነው። እሱም ሁሉም አይደለም። ገንዘብ ስለቸገረው ብቻ ሳይሆን የትም መዝገብ ላይ ስለሌለ መድን ውስጥ መግባት ያቃተው ሰው ነው ጉዳዬ።

እዚህ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ሰው ስንት ነው? ቤት ለቤት ዞራችሁ አትቆጥሩትም፣ ቤት የለውማ። ግን ታውቁታላችሁ። ያ ፎቅ ላይ ብሎኬት የሚያወጣው ነው። መርካቶ የሚሸከመው፣ ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው ነው። እናንተ ቤት እንጀራ የምትጋግረው ልጅ ናት። ከሳዑዲ ተመልሳ ዘመድ ቤት ያረፈችው ናት። ከቀዬው ተፈናቅሎ መጥቶ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ደጅ ላይ የሚያድረው ነው።

አንዱን ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ስሙን አልጠራም። የግንባታ ቀን ሠራተኛ ነው፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ከጎጃም የመጣ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ተደራርቦ የሚያድር። ራሱን ሲያዞረው ጓደኞቹ ገፋፍተው ጤና ጣቢያ ላኩት። ግፊቱ ሲለካ 190 በ110። እንዲህ ያለ ቁጥር ያየ ባለሙያ ዝም ብሎ አይሸኝም። አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ክኒን ታዘዘለት፣ ጨው ቀንስ ተባለ፣ በወሩ ተመለስ ተባለ። የካርዱንም፣ የላብራቶሪውንም፣ የመድኃኒቱንም ከኪሱ ከፈለ።

በወሩ አልመጣም። የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው፤ ግፊቱም ወይ ፍንክች። «መድኃኒቱን አቆምክ እንዴ?» ስለው «ኧረ አላቆምኩም፣ አሁንም አለኝ» ብሎ ከጃኬቱ ኪስ አወጣው። ግማሹ እንዳለ ነው። «ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነው የምውጠው፣ እንዳያልቅብኝ ብዬ።»

ተማሪዎች፣ እዚህ ጋ «ታካሚው የግንዛቤ ችግር አለበት» ብላችሁ ጽፋችሁ ልታልፉ ነው። እንዳትጽፉ። ሰውዬው ሒሳቡን ከኛ በላይ አስልቶታል። ጤና ጣቢያ መምጣት ለሱ የአንድ ቀን ደመወዝ ማጣት ነው። ጠዋት ካርድ ክፍል ሰልፍ፣ ከዚያ ምርመራ ክፍል ሰልፍ፣ ከዚያ ክፍያ፣ ከዚያ ላብራቶሪ፣ ከዚያ ውጤት ይዞ መመለስ፣ ከዚያ መድኃኒት ቤት። ሲጨርስ ፎርማኑ በሱ ቦታ ሌላ ሰው አስገብቷል። ይህንን ሁሉ ከፍሎ የሚያገኘው ለማያመው በሽታ የሚዋጥ ክኒን ነው። እኔም ብሆን ቆጥቤ ነበር የምውጠው።

«ነፃ ሕክምና የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው ከወረዳው ወረቀት ካመጣ በነፃ ይታከማል፤ ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል። ይህን ሰውዬ ወደ ወረዳ ሲልኩት ምን ሆነ መሰላችሁ? መታወቂያ አምጣ ተባለ። የአዲስ አበባ መታወቂያ የለውም። መታወቂያ ለማውጣት ከመጣበት ወረዳ መሸኛ ያስፈልገዋል። መሸኛው ያለው ጎጃም ነው፤ ለመሄድ የመኪና ብር ይፈልጋል፣ ያውም መንገዱ ሰላም ከሆነ። መሸኛውን አገኘ እንበል። አሁን ደግሞ የቤት ቁጥር ይጠየቃል። አከራዩ «ተከራዬ ነው» ብሎ መፈረም አለበት፤ አከራዩ የኪራይ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ስለሚፈራ አይፈርምም። አንዳንዱም በግልጽ «መታወቂያ እንዳትጠይቀኝ» ብሎ ተስማምቶ ነው የሚያከራየው። ስለዚህ ሰውዬው ድሃ መሆኑን ለማስመስከር የሚያወጣው ወጪ ከሕክምናው ወጪ ይበልጣል። ወረቀቱን ተወው። ትክክል ነው፤ ቢለፋም አያዋጣውም ነበር።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ፣ ምክንያቱም ይህ ነገር በተንኮል የተሠራ አይደለም። እንዲያውም ብዙው ጥሩ ታስቦ የተሠራ ነው።

በ1990 ዓ.ም. የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ወጣ። ከዚያ በፊት ጤና ጣቢያ ከታካሚ የሰበሰበውን ብር ለመንግሥት ካዝና ያስገባ ነበር። ጓንት ቢያልቅ፣ መድኃኒት ቢያልቅ፣ ብሩ አጠገቡ እያለ አይገዛም። ስትራቴጂው ገቢህን እዚያው ተጠቀምበት አለ። ቦርድ ተቋቋመ። ለድሃው የነፃ ሕክምና ሥርዓት ተዘረጋ። ለሁሉም ሰው ነፃ የሆኑ አገልግሎቶችም ተለዩ፦ ክትባት፣ ቤተሰብ ምጣኔ፣ የወሊድ አገልግሎት፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ። ይህን ዝርዝር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በ1995 ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጣ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ልጆች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በደመወዝ፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ከ30,000 በላይ ናቸው። ስለነሱ ሳወራ ስሜታዊ እሆናለሁ፣ ይቅርታ። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ 67 ሆነ። ሁሉም የነሱ ሥራ ነው አልልም፤ መንገዱም፣ ትምህርቱም፣ የወባ አጎበሩም አለበት። ግን ተራራ ወጥታ ክትባት ያደረሰችውን ልጅ ማን ይረሳል።

ከዚያ በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞከረ። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ደቡብና ትግራይ። ነገሩ ቀላል ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፤ በዓመቱ ውስጥ ማንኛውም የቤተሰቡ አባል ሲታመም ደብተሩን ይዞ ይታከማል። መክፈል ለማይችለው ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። ገጠር ላይ ይህ በደንብ ተስማምቷል። ገበሬው እህሉን ሲሰበስብ እጁ ላይ ብር ይገባል፣ ያኔ ይመዘገባል። ማን ምን እንዳለው ጎረቤቱ ያውቃል፤ ድሃውን የሚመርጠው ሕዝቡ ራሱ ነው። በሬ ሸጦ መታከም የቀረለት ገበሬ አይቻለሁ፤ ስለዚህ መድኑን ልሰድብ አልመጣሁም። ዛሬ በብዙ መቶ ወረዳዎች ገብቷል።

ለደመወዝተኛውስ? የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶ ነበር። ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ ያዋጣሉ ተባለ። ሠራተኛው «ከዚች ደመወዝ ላይ?» ብሎ አጉረመረመ፣ አፈጻጸሙም ዓመት በዓመት ሲገፋ ኖረ። ይህን ለሌላ ቀን እንተወው።

እኔ የማነሳው የገጠሩ ሥርዓት ከተማ ሲገባ የሆነውን ነው። መድኑ የሚያውቀው ቤተሰብን ነው። አባት፣ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ ከዚያ በተጨማሪ መዋጮ የሚገቡ ሌሎች። ቀን ሠራተኛው የማን ቤተሰብ ነው? ቤተሰቡማ አለው፣ ጎጃም። ምናልባት ሚስቱ እዚያ ተመዝግባ ይሆናል፤ ደብተሩ የሚሠራው እዚያ ነው። እሱ የታመመው እዚህ ነው።

የቤት ሠራተኛዋስ? እዚህ ጋ ሁላችንንም የሚነካ ነገር ልናገር ነው፣ ቅር እንዳይላችሁ። «እሷ እኮ እንደ ልጃችን ናት» እንላለን። እንደ ልጃችን ሆና ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ትነሳለች። የመድን ምዝገባ ሲመጣ ግን ስሟ የለም። ስትታመም ወይ ፓራሲታሞል ይገዛላታል፣ ወይ ጠንከር ካለ «ቤተሰቦችሽ ጋ ሄደሽ አርፈሽ ነይ» ትባላለች።

ስለዚች ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ውስጥ የቤተሰብ ጤና ቡድን የሚባል አሠራር እንዳለ ታውቃላችሁ። ጤና መኮንን ወይም ሐኪም፣ ነርስ፣ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሆነው በቡድን ቤት ለቤት ይወጣሉ። ሐሳቡ ከብራዚል ልምድ ጋር ይዛመዳል፤ ብራዚሎች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤተሰብ ጤና ቡድንን የሥርዓታቸው መሠረት አድርገውታል። ቡድኑ ቤቶቹን በኑሮ ደረጃቸውና በጤና ፍላጎታቸው ይመድባቸዋል፤ ድሃና ታማሚ ያለበት ቤት ቀድሞና ደጋግሞ ይጎበኛል። እኔ ከሰማኋቸው ማሻሻያዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የወደድኩት የለም።

ታዲያ ቡድኑ ቀን ላይ አንድ ቤት ያንኳኳል። ባልና ሚስት ሥራ ናቸው። በሩን የምትከፍተው ማን ናት? እሷው ናት። ቅጹ ይሞላል። «አባወራው ስኳር አለበት ወይ?» አዎ አለበት፣ መርፌ ይወጋል። «ልጆቹ ክትባት ጨርሰዋል?» ጨርሰዋል፣ ካርዱን ላምጣው? አያትየው ምን እንደሚያማት፣ ምን ክኒን እንደምትወስድ፣ መቼ እንደወደቀች ሁሉን ትናገራለች። ጥሩ መረጃ ሰጪ ናት። ቡድኑ አመስግኗት ይወጣል። ቅጹ ላይ ስለ እሷ አንድ መስመር የለም። ሳል ይኑራት፣ እርግዝና ይኑራት የጠየቃት የለም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። «የቤተሰብ አባላት» የሚል ሠንጠረዥ ነው ያለው፣ እሷ ደግሞ አባል አይደለችም።

ቀን ሠራተኛውንም ቡድኑ አያገኘውም። ክፍሉ ቀን ቀን ቁልፍ ነው።

እንግዲህ ያች ዝርዝር ጋ ልመለስ፤ ክትባት፣ ወሊድ፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ ያልኳችሁ። እዚሁ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ ከካርድ ክፍሉ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ፣ የኤአርቲ፣ ማለትም የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ክሊኒክ አለ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር በሆስፒታል ነበር። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ፤ ሐኪም ብቻ ይሰጠው የነበረውን ነርስና ጤና መኮንን መስጠት ጀመሩ። እዚያ ክሊኒክ መሸኛ የጠየቀ አይቼ አላውቅም። ታካሚው የራሱ ቁጥር አለው፣ ስልኩ ተመዝግቧል። በቀጠሮው ካልመጣ ይደወልለታል። ካልተገኘ የሚያውቀው ሰው ይፈልገዋል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በሽታው የተረጋጋለት ሰው በየወሩ መመላለሱ ቀርቶ የስድስት ወር መድኃኒት ይሰጠው ተባለ። ቀን ሠራተኛው በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነው ከሥራ የሚቀረው ማለት ነው።

ልብ በሉልኝ። ያው አንድ ሰው ነው። ያው ድሃ፣ ያው መታወቂያ የሌለው፣ ያው ተደራርቦ የሚያድር። በዚህኛው በር ሲገባ ስድስት ወር መድኃኒት ይዞ ይወጣል፣ ቢቀር ይፈለጋል። በዚያኛው በር በግፊት ሲገባ ደግሞ ቢቀር መቅረቱን የሚያውቅ እንኳ የለም። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት ከ100 አዋቂ 16 ገደማው ከፍ ያለ የደም ግፊት አለበት። ምናልባት ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ያለን በዚህ ሒሳብ ስንት እንደምንሆን ገምቱ። አብዛኛው አያውቅም፣ ካወቁትም ብዙዎቹ ክኒን እንዳያልቅባቸው የሚቆጥቡ ናቸው።

ስለዚህ የኔ ነገር አንድ ነው። ማንነቱ የማይታወቅ ድሃ ሰውን ዓመታት ተከታትሎ ማከም «አቅማችን አይፈቅድም» የሚባል ነገር አይደለም። እየሠራነው ነው፣ ያውም በዚያው ግቢ፣ በዚያው ነርስ። ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለአስም ያልሠራነው አሠራሩ ጠፍቶን ሳይሆን ለዚያኛው ብር ስለመጣ ነው። ብሩ በአብዛኛው የውጭ ነው፤ ከአሜሪካ መንግሥትና ከግሎባል ፈንድ። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ድንገት ሲቆም በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ብዙ ባለሙያዎች ውል ተቋረጠ። ጥሩ የሚሠራው በርም ቢሆን ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ነበር።

ምን ይደረግ ነው እንግዲህ።

መጀመሪያ ታካሚው ይታከም፣ መዝገቡ ይከተል። አንድ ሰው ወረቀት ሳይዝ ከመጣ ያን ቀን ታክሞ ይሂድ፤ ማን እንደሆነ፣ ድሃ መሆን አለመሆኑን የማጣራቱ ሥራ የጤና ጣቢያው ይሁን። አሁን የማጣራቱን ሥራ የሰጠነው ለበሽተኛው ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ስልክ ይበቃል። ፎርማኑ ይመስክር፣ የእድሩ ዳኛ ይመስክር፣ ቄሱ ወይም ኢማሙ ይመስክር። ፋይዳ ላይ እንኳ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበት መንገድ አለ፤ ታዲያ ለብሔራዊ መታወቂያ የበቃ ምስክር ለአምሎዲፒን እንዴት አይበቃም?

ምዝገባውም ዓመቱን ሙሉ ለነዚህ ሰዎች ክፍት ይሁን። መድኑ የምዝገባ ወቅት ያበጀው ሰው ሲታመም ብቻ እየመጣ እንዳይመዘገብ ነው፤ ለሚከፍለው ሰው ምክንያቱ ይገባኛል። መክፈል ለማይችለው ግን መንግሥት ነው የሚከፍልለት። እሱ ምን አጭበርብሮ ይጠቀማል? ወቅቱ ሲያልፍ ከመጣ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቅ ማለት ግፊቱም ይጠብቅ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችሁ የሚያውቁትን ነገር ልንገራችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አላያንስ የሚባል ፕሮግራም አላት። ከተማው ውስጥ የሚኖር ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው፣ የስደት ወረቀቱ ምንም ይሁን ምን፣ የጤና ሽፋን እንዲያገኝ ነው የተቋቋመው። ድንቅ ነው። ከዚያ በ2011 እ.ኤ.አ. ላይ አባሎቹ በየስድስት ወሩ በአካል ቀርበው እንዲያድሱ ተባለ። ሰው ከንጋት በፊት ይሰለፍ ጀመር፤ ሥራ ያለው፣ ሕፃን ያዘለ፣ ሽማግሌ። ብዙ ሰው ከሽፋኑ ወጣ፤ ድኖ ወይም ሀብታም ሆኖ አይደለም፣ ሰልፉ አቅቶት ነው። ያንን ያደረገው ሀብታም ከተማ ነው። ድሃን ከመዝገብ ማስወጣት ከፈለጋችሁ አዋጅ አያስፈልጋችሁም፣ ሰልፍ በቂ ነው።

ከዚያው አገር ሌላ የሚቀዳ ነገር ደግሞ አለ። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆሙት የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት መድን የሌለውን ሰው በገቢው ልክ ያስከፍላሉ፤ የቦርዳቸው አባላት ቢያንስ 51 በመቶ የማዕከሉ ታካሚዎች መሆን አለባቸው። እኛም ቦርድ አለን፣ የሕዝብ ተወካይም አለበት። ግን አንድ ቀን ሠራተኛ ወይም አንዲት የቤት ሠራተኛ የተቀመጠችበት የጤና ጣቢያ ቦርድ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። (ማንም አላወጣም።)

ሁለተኛው ነገር ብሩ የሚሄድበት መንገድ ነው። ይህ አሰልቺ ነው፣ ግን ካልገባችሁ «መድኃኒት የለም» የሚለው መልስ ከየት እንደሚመጣ አይገባችሁም። አሁን ጤና ጣቢያው የመድን አባሉን ያክማል፣ ወጪውን ይጽፋል፣ ሰነዱን ለመድኑ ይልካል፣ ይመረመራል፣ ከዚያ ይከፈላል። ክፍያው ሲዘገይ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ብር ያጣል። አባሉ ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ «ከውጭ ግዛ» ይባላል። በዓመቱ «ለምን አላደስክም?» ስትሉት ምን ይላችሁ መሰላችሁ? በዚህ መሀል ጤነኛው እየወጣ በሽተኛው ብቻ ይቀራል፣ የወረዳው ቋት ይደርቃል፣ ክፍያው ይብሱን ይዘገያል።

ታይላንዶች በ2001 እ.ኤ.አ. የሠላሳ ባት ፕሮግራማቸውን ሲጀምሩ ለተመላላሽ ሕክምና ብሩን በነፍስ ወከፍ ነው ያደረጉት። ለእያንዳንዱ የተመዘገበ ሰው በዓመት ይህን ያህል ብር አስቀድሞ ለአካባቢው ጤና ተቋም ይሰጣል። ተቋሙ ብሩ በእጁ ስላለ መድኃኒት ይገዛል፤ ሰውዬው ስትሮክ ከሚይዘው ግፊቱን በክኒን መያዝም ለተቋሙ ይረክሰዋል። ሩዋንዳዎቹ ደግሞ ሕዝቡን በኑሮ ደረጃ መድበው የመጨረሻውን ድሃ መዋጮ መንግሥትና አጋሮቹ እንዲከፍሉለት አድርገዋል፣ ሽፋናቸውም አፍሪካ ውስጥ ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። እኔ ለከተማ የምለው ይህን ነው፤ በነፍስ ወከፍ ይሁን፣ ለድሃው ሰው ጭማሪ ይኑረው። ያኔ ቀን ሠራተኛው ለጤና ጣቢያው ሸክም መሆኑ ይቀርና ካርድ ክፍሉ ራሱ «ና ተመዝገብ» ይለዋል።

ሦስተኛው ቀላሉ ነው፣ አዋጅም አይፈልግም። ግፊቱ ለተረጋጋ ሰው የሁለት የሦስት ወር መድኃኒት ስጡት። በሳምንት አንድ ምሽት ወይም እሑድ ጠዋት ክፈቱ። ካርዱ ላይ ስልኩን ጻፉ፣ ካልመጣ ደውሉ። የቤት ለቤት ቅጹ ላይ «እዚህ ቤት የሚያድር ሌላ ሰው» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ።

ጥያቄዎች ነበሩ፣ ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንድ ተማሪ «በምስክር ብቻ ከሆነ መክፈል የሚችለው ሰው አይገባበትም ወይ?» አለ። ይገባበታል። የተወሰነ ሰው ይገባበታል። አሁን ባለው ሥርዓትስ አይገባበትም እንዴ? የነፃ ሕክምና ወረቀት የሚያወጣው እኮ ወረዳ ውስጥ ዘመድ ያለው ነው። ወረቀት ስናጠብቅ የምናስቀረው አጭበርባሪውን አይደለም፣ እሱ ወረቀት ማውጣት ያውቅበታል። ደግሞ ካርድ ክፍል ወረፋ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ የጤና ጣቢያ አምሎዲፒን ሊሰርቅ የሚመጣ ባለሀብት ካለ እኔ በበኩሌ ግፊቱን ልለካለት ዝግጁ ነኝ።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ደግሞ የእድራቸው ገንዘብ ያዥ ነኝ አሉ። «እኛ ለቀብር ነው የምናዋጣው። ለሕክምና ማዋጣት ብንፈልግ ይቻላል ወይ?» ይቻላል፣ እማማ። እድሩ የአባላቱን መዋጮ ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ለመድኑ ሊከፍል ይችላል፣ ለተቸገረው አባልም ሊከፍልለት ይችላል፤ ወረዳው የጤና መድን ክፍል ሄዳችሁ አነጋግሩ። የምዝገባው ጊዜ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ዋና አባልና ተጨማሪ አባል የሚባለውን ልዩነትም እዚያው ያስረዷችኋል። ቤታችሁ የምትሠራዋን ልጅ በተጨማሪነት ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ በስሟ ጠይቁላት። «አይቻልም» ከተባላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉና ለጤና ጣቢያው ቦርድ አቅርቡት።